«የእንቅልፋሙ ልጅ» የተባሉት የእትዬ የሕይወት ታሪክ

ቤተሰቡ ሁሉ «እትዬ»፣ ተማሪዎቻቸው ደግሞ «መምህርት» የሚሏቸው እኅታችን፣ የክር ፋብሪካ ጥበቃ ከነበሩት አባታቸውና ልብስ ሰፊ ከነበሩት እናታቸው በሚያዝያ ወር 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ቤቱ አንድ ክፍል ነበር። አባት ሌሊት ሠርተው ሲገቡ መስኮቱ በብርድ ልብስ ይሸፈናል፤ ልጆቹም «እሽ! አባባ ተኝተዋል» እየተባባሉ በእግራቸው ጣት ይራመዳሉ። እትዬ አፋቸውን የፈቱት በሹክሹክታ ነው እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር።

ፋብሪካው የጥበቃዎቹን ፈረቃ በየሳምንቱ ይገለብጥ ነበር፤ አንድ ሳምንት ቀን፣ አንድ ሳምንት ሌሊት። እትዬ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሳሉ አባታቸውን በር ላይ እንደተቀመጡ እንቅልፍ ጣላቸው፤ አለቃቸውም ደረሱባቸው። ሰነፍ ተብለው በዚያው ቀን ተባረሩ። ሰፈሩ «እንቅልፋሙ» የሚል ስም አወጣላቸው፤ እትዬም «የእንቅልፋሙ ልጅ» ሆነው ቀሩ። ለሰፈሩ ጨዋታ ነበር፤ እርሳቸውን ግን አንገበገባቸው። አባታቸው ሰነፍ እንዳልነበሩ ያውቃሉ፤ ማስረዳት ግን አይችሉም። ያንን ማስረዳት የሕይወታቸው ሥራ አደረጉት።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ጨርሰው በ1964 ዓ.ም. ሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ። በ1971 ዓ.ም. ተመርቀው፣ ስለ አንጎል ሥራ ተጨማሪ ትምህርት ተከታትለው በዚያው መምህርት ሆኑ። በየዓመቱ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ «እኔ የእንቅልፋሙ ልጅ ነኝ» ብለው ነበር የሚጀምሩት። የአንጎል ሕዋሳት የሚላላኩባቸው ኬሚካሎች እንዳሉ ከዚያ ያስረዳሉ። ነቅተን በቆየን ቁጥር አዴኖሲን የሚባለው እየተጠራቀመ ዐይናችንን ይጫነዋል። ሲመሽ ደግሞ ሜላቶኒን ይመጣል። «እርሱ አዋጅ ነጋሪ ነው» ይሉ ነበር፤ «መሸ ብሎ ይለፍፋል እንጂ ማንንም ጎትቶ አልጋ ላይ አይጥልም። የጠዋት ብርሃን ሰዓታችንን ያስተካክላል። ይህን በየሳምንቱ እየገለበጣችሁ ሰውን ሰነፍ አትበሉ።»

በ1974 ዓ.ም. ከመድኃኒት ቀማሚ ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው ሲመሽ የሚበረቱ፣ እርሳቸው ከዶሮ ጋር የሚተኙ ስለነበሩ ትዳሩ እንዴት እንደጸና ለብዙዎች እንቆቅልሽ ነበር። ምሥጢሩ ምሳ ነው። ምሳ ላይ ሁለቱም ነቅተው ይገኛሉና የተጣሉትም የታረቁትም በምሳ ሰዓት ነው።

በ1977 ዓ.ም. አባታቸው ወደተባረሩበት ፋብሪካ ለጥናት ገቡ። ሜላቶኒን የሚመጣበት ሰዓት በምራቅ ስለሚለካ ሠራተኞቹን ምራቅ ማስተፋት ነበረባቸው። አንድ አንጋፋ ፈታይ «እኛ ምራቃችንን የዋጥን ሰዎች ነን፤ ደርሰሽ ትፉ ትይናለሽ?» ብለው አዳራሹን በሳቅ ሞሉት፤ ግን ተፉ። ውጤቱም ግልጽ ነበር። ሠራተኛው ወደ ሌሊት ፈረቃ ቢዞርም አንጎሉ በድሮው ሰዓት «መሸ» ማለቱን አልተወም፤ ሊለምድ ሲጀምር ደግሞ ፈረቃው ይገለበጣል። እትዬ ይህን ይዘው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ቀረቡ። ሥራ አስኪያጁም «እዚህ ክር ይፈተላል እንጂ አይተኛም» ብለው አሰናበቷቸው።

እትዬ ግን እምቢ ካሉ እምቢ ናቸው። በበር ሲያስወጧቸው በሠራተኛ ማኅበሩ በኩል ይመለሳሉ፤ ማኅበሩ ሲፈራ የፋብሪካውን ነርስ ይዘው ይመጣሉ። ሥራ አስኪያጁ ሲሰለቻቸው አንድ አዳራሽ ለሙከራ ሰጧቸው። እዚያ ፈረቃው በዝግታ፣ ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከከሰዓት ወደ ሌሊት፣ በመካከሉም ዕረፍት እየተሰጠ እንዲዞር አደረጉ። በዚያ አዳራሽ ዓመቱን ሙሉ በሥራ ላይ ያንቀላፋ ሰው ጣት ማሽን አልበላውም። በ1981 ዓ.ም. ፋብሪካው በሙሉ፣ የጥበቃ ክፍሉም ጭምር፣ ወደ አዲሱ አሠራር ተዛወረ።

እትዬ ከስብሰባው ወጥተው በቀጥታ አባታቸው ዘንድ ሄዱ። አባት በእርጅና አልጋ ይዘው ነበር። እስከ መጨረሻው ሰሟቸውና፣ «እንግዲያው ሰነፍ አልነበርኩም በዪኛ» አሏቸው።

«አልነበሩም አባባ። አንድም ቀን።»

አባታቸው በዓመቱ ዐረፉ። ልቅሶው ላይ «እንቅልፋሙ» ያለ አልነበረም።

እትዬ ጡረታ ከወጡም በኋላ ማስተማር አልተዉም። በ2014 ዓ.ም. ፓርኪንሰን የተባለው እጅ የሚያንቀጠቅጥ የአንጎል ሕመም ያዛቸው። ዶፓሚን የተባለው መልእክተኛ ሲያንስ እጅም እንቅልፍም እንደሚታወክ ሲያስተምሩ የኖሩ ነበሩና ለሐኪሞቻቸው አስቸጋሪ ታማሚ ሆኑ። ሌሊቱ ሲረዝምባቸው እንኳ በጠዋት ተደግፈው መስኮት ዘንድ ይቀመጣሉ፤ «ሰዓቴን ለበሽታ አላስረክብም» ይሉ ነበር። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና እኛ ታናናሾቻቸው አልተለየናቸውም።

ለሴት ልጃቸው አንድ ነገር ተናዝዘዋል። «ስሞት ‹አንቀላፋች› ብላችሁ እንዳትጽፉ። እንቅልፍ የስንፍናም የሞትም ዘመድ አይደለም፤ ሰው የሚተኛው ሊነሣ ነው። ሞተች በሉ።» እንደ ቃላቸውም፣ እትዬ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ሞቱ።

እኛ ግን ትንሣኤን ተስፋ እናደርጋለንና እንቅልፍ የሞት ዘመድ አይደለም ባሉት በአንዲቱ ነገር አንታዘዛቸውም። ሰዓቱ ሲደርስ ፈጣሪ ይቀስቅስልን።