ልጅ የላትም ብለህ የጻፍኸው ወረቀት

ይድረስ ለባሌ ለአለምነህ፤

ከተለየኸኝ ዛሬ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። እኔ ደኅና ነኝ ማለት የደብዳቤ ወግ ነው፤ ወጉን ካንተ ስለ ተማርሁ እጽፈዋለሁ እንጂ ደኅናስ አይደለሁም።

ቤቱ እንዳለ አለ። በጎተራው በኩል ያለው ክዳን ዝናብ ስላስገባ አስለውጨዋለሁ። የላይኛውን ማሳ የእኩል ሰጥቻለሁ፤ ዘንድሮ ገብሱ ደኅና ያዘ። መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ፣ አንተ ማመልከቻ ትጽፍባት ከነበረችው ዋርካ ሥር ሌላ ጸሐፊ ተቀምጧል። ባለጉዳዩ ግን እስካሁን ያነሣሃል፤ የአለምነህ ጽሕፈት ዳኛ ፊት አይወድቅም ነበር ይላሉ። እኔም እንደነሱ እል ነበር፤ እስካለፈው ኅዳር ድረስ።

ልጃችን ትሁን በአራት ዓመቷ በኩፍኝ በሞተችብን ጊዜ፣ ኢየሩሳሌም ሄጄ በጌታ መቃብር ጧፍ ላበራላት ተስዬ ነበር። ሦስት ዓመት በሆዴ ይዤው ቆይቼ ነገርሁህ። በማግስቱ ማመልከቻውን እኔው እጽፍልሻለሁ አልኸኝ። ደጃፍ ላይ ተቀምጠህ ስትጽፍ ቀለሙን የያዝሁልህ እኔ ነበርሁ። ጨርሰህ አነበብህልኝ። አባቴ መሪጌታው ጋይንት ቤተ ልሔም ሳለን ፊደል ስላስቆጠሩኝ ራሴ ማንበብ እችል ነበር፤ ካንተ አፍ መስማቱ ደስ ስላለኝ ተውሁት።

እስከ ደብረ ታቦር በበቅሎ፣ ከዚያ በአውቶቡስ እስከ አዲስ አበባ አብረን ሄድን። ፓስፖርቱ ወጣ። ቪዛ የሚሰጠው ቆንስላ ግን የባል ፈቃድ በጽሑፍ ያስፈልጋል ስላለ፣ አንተ ለብቻህ ገብተህ ጻፍህ። በሳምንቱ ስንመለስ ሰውዬው ፓስፖርቴን በመስኮት መልሶ ተከልክለዋል አለኝ። ምክንያቱን አልነገረኝም። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ በጋቢህ ጫፍ እንባዬን ጠረግህልኝ። "ጥሩዬ፣ ፈረንጅ ለገበሬ በር አይከፍትም፤ እግዜር እንደ ሄድሽ ይቁጠርልሽ" አልኸኝ። አመንሁህ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያን መስኮትና ከመስኮቱ ወዲያ ያለውን ሰው ስረግም ኖርሁ፤ አንተም ስረግም እየሰማህ እራትህን ትበላ ነበር።

ተዝካርህን ካወጣሁ በኋላ ስእለቱ እንደገና ይከነክነኝ ጀመር። የነፍስ አባታችንን ባማክራቸው ሞት ሳይቀድምሽ ሞክሪ አሉኝ። የሚጽፍልኝ ስለሌለ ማመልከቻውን ራሴ ጻፍሁት፤ ሦስት ወረቀት አበላሽቼ አራተኛው ቀና። ኅዳር ላይ ብቻዬን ሄድሁ።

አሁን እንደ ድሮው በመስኮት አይደለም፣ ክፍል ውስጥ ያስገባሉ። ከጠረጴዛው ወዲያ የኛው አገር ሴት ተቀምጣለች። ቀድሞ ተከልክዬ እንደ ነበር ስነግራት አሮጌውን ፋይል አውጥታ ገለጠችና አነበበች። ከዚያ "እመይቴ፣ የከለከሉዎ እኮ ባለቤትዎ ናቸው" አለችኝ። የሌላ ሰው ፋይል አንሥታ ይሆናል ብዬ ወረቀቱን ልየው አልኋት። አዙራ ሰጠችኝ።

ጽሕፈትህን እንዴት አጣዋለሁ፤ ያ ወደ ግራ የሚያዘነብል ጽሕፈት ነው። "ባለቤቴ ጥሩነሽ ልጅ የላትምና የሚመልሳት ነገር የለም። በዚያው መንኩሳ ትቀርብኛለች ብዬ እሰጋለሁና ቪዛው እንዳይሰጣት በትሕትና አመለክታለሁ" ይላል። ከሥሩ ፊርማህ አለ። ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ስርዝ ድልዝ እንኳ የለውም።

አለምነህ፣ ትቀርብኛለች ብለህ መፍራትህን እረዳው ነበር። ሄደው የቀሩ ሴቶች አሉ፤ ከእስቴም ከጋይንትም። ግን ልጅ የላትም ብለህ እንዴት ጻፍህ? ትሁንን አብረን ቀበርናት እኮ። የምሄደው ለሷ መሆኑን እያወቅህ ሞቷን በኔ ላይ ማስረጃ አደረግኸው። ጎረቤት መካን ብላ የሰደበችኝ ዕለት ዱላ አንሥተህ የወጣኸው አንተ ነበርህ። ሰው በሌለበት ግን ይህን ጻፍህ።

ሴትዮዋ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ውኃ አስመጣችልኝ። ባል ከሞተ ፈቃድ አያስፈልግም፣ ነገር ግን ለመመለስዎ ማስረጃ ያሻል አለችኝ። የርስቴን ወረቀት ሰጠኋት። ሌላስ ምን አለዎት አለች።

"ሁለት መቃብር አለኝ፤ የልጄና የባሌ። አረማቸውን የሚነቅል ከኔ በቀር የለም" አልኋት።

የከዳኸኝን ወረቀት በእጄ እንደያዝሁ አንተኑ ዋስ ጠራሁ። በአምስተኛው ቀን ቪዛው ተመታልኝ።

ከአዲስ አበባ አገሬ ከገባሁ ወዲህ የትሁንን አረም ነቅዬ ያንተን ትቼው እመለሳለሁ። የነፍስ አባታችን አይተው ጠየቁኝ፤ ሁሉንም ነገርኋቸው። ከሙት ጋር አይጣሉም አሉኝ። እኔ ግን የተጣላሁት ከሙት ጋር አይደለም፤ ደረጃው ላይ አጠገቤ ተቀምጦ ካባበለኝ ሰው ጋር ነው። ይህን ብላቸው መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ።

ከጥምቀት በኋላ እነሣለሁ። ትንሣኤን እዚያ ውዬ ለሰኔ ዘር እደርሳለሁ። ያኔ ብትጠይቀኝ ኖሮ ይህንኑ እነግርህ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ መደብ ላይ ስንተኛ፣ ትመለሻለሽ ወይ ብለህ አንድ ቀን አልጠየቅኸኝም።

ጧፉን ለትሁን አበራላታለሁ። ካህኑ የሙታንን ስም ሲቀበሉኝ የሷን አስቀድሜ፣ ያንተንም የክርስትና ስም ገብረ ማርያምን አስከትዬ እሰጣለሁ። ይቅር ብዬህ አይምሰልህ፤ ገና አልቻልሁም። ስምህን ግን ሳላስጠራ አልመለስም፤ እዚህም በየዓመቱ፣ በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ አስጠራዋለሁ።

የትሁን እናት፣
ጥሩነሽ