በቪዲዮው ላይ የሚጮኸው ሰው

ፎረስት ፓርክ፣ ኮሎምበስ
ኖቬምበር 14 ቀን 2021

ይድረስ ለልጄ ለሰሎሜ፤ አትላንታ

ሰሉዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ትናንት ኮል ስታደርጊልኝ ዋሽቼሻለሁ። እሱን ላቃና ነው ወረቀት የያዝኩት፤ በስልክ አፌ እምቢ አለኝ።

ወንድምሽ ባሮክ አሁንም አልነቃም። ሆስፒታሉ በኮቪዱ ምክንያት በቀን አንድ ጠያቂ ብቻ ነው የሚያስገባው፤ አንድ ቀን እናትሽ፣ አንድ ቀን እኔ። ግራ ዓይኑ ተደፍኗል፣ መንጋጋው በሽቦ ታስሯል፣ የራስ ቅሉን ከፍተው የረጋ ደም አውጥተውለታል። ግሮቭፖርት መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ስነዳ ስንት አደጋ አይቻለሁ፤ እንዲህ የተቀጠቀጠ ገላ ግን አላየሁም።

ያ አንቺ ያለሽበት የጥቁር ጠበቆች ማኅበር፣ የዘፋኝና የስፖርተኛ ውል የሚከታተለው፣ በማርች አንድ ጠበቃ ከዎርዝንግተን እቤቴ ድረስ ልኮልኝ ነበር። ሰውዬው የባሮክን የቦክስ ውል በቀይ አስምሮ፣ «ልጁ ተጎድቶም ቢሆን ግጥሚያ ይግባ አይግባ ብሎ የሚወስነው ማናጀሩ ነው። አይፈርም» አለኝ። እኔ ሆዬ፣ «ማናጀሩ ሳህሌ ያገሬ ልጅ ነው። በሽማግሌ ፊት ልጄን አደራ ብዬዋለሁ፤ አደራ ከወረቀት ይበልጣል» ብዬ ሸኘሁት። ባሮክም «አባዬ ካለ» ብሎ ፈረመ። አንቺ ስትቆጪኝ ስልክ ዘጋሁብሽ፤ ይኸው ስምንት ወር ተኮራረፍን። አጉል ኩራት!

ያን የግጥሚያ ቅዳሜ ባሮክ በልምምድ ራሱን ተመትቶ ገና አላገገመም ነበር። ሳህሌ አስገባው። በአምስተኛው ራውንድ ተጋጣሚው ጎረምሳ መጀመሪያ ጎድኑን፣ ቀጥሎ ጆሮ ግንዱን አገኘው። የጥርስ መከላከያው በደም ተለውሶ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። አፍንጫው ሲሰበር ድምፁ እኔ ወንበር ድረስ ተሰማ። ልጄ በጉልበቱ ወደቀ። ዳኛው ይቆጥራል፤ ሳህሌ ፎጣውን ቢወረውር ግጥሚያው ያበቃ ነበር፤ ይዞት ቆመ።

በኋላ ሳህሌን ኮሪደር ላይ አግኝቼ ሁለት ጥርሱን አወለቅኩለት። ደም አፉን ሞልቶት፣ «ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ ያስነሱት?» ሲለኝ ደግሜ መታሁት። ፖሊስ ነው የገላገለው።

ትናንት፣ «የማኅበሩ ጠበቆች ሳህሌን ሊከሱ የግጥሚያውን ቪዲዮ አይተው፣ ሲቆጠር በአማርኛ የሚጮኸው ማነው፣ ምንስ ይላል ብለው ጠየቁኝ። ሳህሌ ነው አይደል፣ አባዬ?» አልሽኝ። «አዎ» አልኩሽ። የኔን ድምፅ ሳታውቂው የቀረሽ አይመስለኝም፣ ልጄ።

እኔ ነኝ። «ተነስ! የማን ልጅ ነህ!» ነው የምለው። ባሮክ ዞሮ አየኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ ቃሌን ጥሶ አያውቅም፤ ተነሳ። እጁን እንኳ ሳያነሳ ሦስት ቡጢ ተቀበለ፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚሉት እንደ እኔ ያለውን አባት ነው። እኔማ ጭራሽ ለጅቡ ሰጠሁት!

ሳህሌ የኔን ጩኸት ይዞ ከክሱ ያመልጥ ይሆናል። ቢሆንም አንቺ ለኔ ብለሽ በሐሰት አትማይ። ያልኩትን እንዳለ ተርጉሚላቸው፣ ስሜንም ጻፊ።

ዛሬ ተራው የኔ ነበር። ጆሮው ስር ተጠግቼ «ተነስ፣ ልጄ» አልኩት። አልሰማኝም።

አንቺን ያሳደገልኝ አምላክ እጁን ከባሮክ ላይ አያንሳ። መጥተሽ እዪው፤ የፊታችን ቅዳሜ ያለው ተራዬ ያንቺ ነው፣ ስምሽን ለነርሷ አስመዝግቤያለሁ። እኔ ደጅ መኪና ውስጥ እጠብቅሻለሁ፤ ልታናግሪኝ ባትፈልጊም አልቀየምም።

አባትሽ ገብረኪዳን