ከመዝገብ ለተሰረዘው ወንድሜ

ውድ ወንድሜ ዱዋርቴ፣

ስልኬን አታነሳም፤ ስለዚህ እጽፍልሃለሁ። ጤናህን መጠየቁን ለሌላ ጊዜ አቆየዋለሁ። ተናድጃለሁ።

ፍርድ ቤቱ ስምህን ከጾታ ጥቃት ፈጻሚዎች መዝገብ ከሰረዘው ገና ወር አልሞላውም። እዚያ እስክንደርስ ያየነውን አበሳ ታውቀዋለህ። ጠበቃው ዛሬ ነገ ሲል፣ ፖሊስ ማመልከቻው አልደረሰኝም ሲል፣ ዐቃቤ ሕጉ ቀጠሮ ሲያስለውጥ እኔ ከላሞች ማለቢያ ወደ ፍርድ ቤት ስሮጥ ጫማዬ ላይ እበት እንዳለ ነበር።

ማርሊንንም አልረሳኋትም። በዚያ የፌስታ በዓል ምሽት ሰክረህ ያደረስክባትን ነገር ወንድሜ ነው ብዬ አላቃልለውም። ያን ቀን ዳኛዋ ፊት ቆማ፣ «መሰረዙን አልቃወምም። ይቅር በዪ ግን እንዳትሉኝ» አለች። አንተም አቀረቀርክ፣ እኔም አቀረቀርኩ። መብቷ ነው።

ከዚያ ልደትህ ደረሰ። ስንት ዓመት ሙሉ ሕጉ እንደሚያዘው በልደትህ ሰሞን ፖሊስ ጣቢያ ሄደህ ስትመዘገብ እኛ ቤት የልደትህን ነገር የሚያነሳ አልነበረም። ዘንድሮ ግን እማማ እንደምትሠራው ጣፋጭ ሩዝ ሠርቼ ስምህን በቀረፋ ጻፍኩበት። አባባ ጢሙን ተላጭቶ የቤተ ክርስቲያን ኮቱን ለበሰ። ልጅህን ኢኔስንም እናቷ አመጣቻት። አንተ «በረዶ ገዝቼ ልምጣ» ብለህ ወጣህ፣ በዚያው ቀረህ።

የት እንዳለህ ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለገኝም። ፖሊስ ጣቢያ ስደርስ መዝጋቢዋ ኖርማ በመስኮቷ በኩል ትለምንሃለች።

«ዱዋርቴ፣ ስምህ እኮ የለም። ኮምፒውተሩ አያውቅህም።»

«ልደቴ ነው። መመዝገብ አለብኝ።»

«እንኳን አደረሰህ! በል ሂድና ኬክህን ብላ።»

«ወረቀት ላይም ቢሆን ጻፊኝ።»

«ምን ብዬ? ሰውዬው ናፍቀነው መጣ ብዬ?»

ከኋላህ የተሰለፉት ሳቁ። እኔ ግን እጅህን ይዤ ስጎትትህ ልቅሶዬ መጥቶ ነበር።

መኪና ውስጥ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? «እትዬ፣ እስካሁን የሚጠብቀኝ ሰው ነበር። አሁን ማን ይጠብቀኝ?» አልከኝ። «ራስህ ነሃ!» ስልህ፣ «እሱን ነው የማላምነው» ብለህ የትራፊክ መብራት ሲያቆመን ወርደህ ሄድክ። ይኸው እስከ ዛሬ ከብት እርባታው ጋ ያለው ተጎታች ቤት ውስጥ ተቀምጠሃል።

ስማኝ። ራስህን አለማመንህ አያስቆጣኝም፤ እንዲያውም ደግ አደረግክ። አትጠጣ። ያደረግከውን አትርሳ። ግን ለዚህ የፖሊስ መስኮት አያስፈልግህም። ማርሊን ይቅር አልልም አለች እንጂ ልጅህን ተዋት አላለችህም። የማርሊንን ሕመም ለመደበቂያ አታድርገው፣ ነውር ነው!

ዓርብ ኢኔስ ትምህርት ቤት መድረክ ላይ ታነባለች። እስካሁን ርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ ካልፈቀደልህ ግቢውን መርገጥ አትችልም ነበር። ፈቃድ መጠየቁ አሳፍሮህ፣ በዓል በመጣ ቁጥር ከመንገዱ ማዶ መኪናህ ውስጥ ተቀምጠህ በአጥሩ ታያት ነበር። አሁን በበሩ ገብተህ እንደ ማንኛውም አባት ወንበር ላይ ትቀመጣለህ። ይህን ሁሉ የለፋሁት ለዚያች ወንበር ነው እንጂ ስምህ እንዲያምር አይደለም።

የልደትህ ዕለት ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ላምጣው ስል ኢኔስ ሰምታኝ ኖሮ፣ ብቻዬን ስመለስ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«አክስቴ፣ ፖሊሶቹ አባዬን አስቀሩት?»

«አይ የኔ ቆንጆ፣ ማንም አላስቀረውም።»

«ታዲያ ለምን አልመጣም?» አለችኝ።

«እሱ ራሱ ይነግርሻል» አልኳት። ዓርብ መጥተህ አንተው ንገራት።

ብቆጣህም የምወድህ እህትህ፣
ፊሎሜና