ፒያሳ ሲኒማ ቤት የዘነበው ዝናብ

ፒያሳ፣ መጋቢት 1977

ዙህራዬ፣

ወንድምሽ ዘይኑዲን በሬዎቹ ካለቁበት ወዲህ ሳቅ ርቆት የለ? እኔ ዘንድ ከመጣ አይቀር ትንሽ ልቡ ይረፍ ብዬ እዚህ ፒያሳ ሲኒማ አስገባሁት። ፖስተሩ ላይ ሽጉጥ አይቼ ልብ አንጠልጣይ ነው ብል፣ ለካ የድርቅ ፊልም ኖሯል! ደግሞስ ምን ድርቅ ነው፤ ምድሩ ተሰነጣጥቆ የሴትዮዋ ሊፕስቲክ አልደበዘዘም። የእኛን አገር ሰው ከንፈር ባዩ! መጨረሻ ላይ አንድ ፕሮፌሰር ማሽን ነካክቶ ዝናብ አወረደ።

«ጓድ ፕሮፌሰር፣ ወሎም ብቅ በላ!» አለ አንዱ አራዳ። አዳራሹ ሳቀና ወዲያው ጭጭ አለ።

ዘይኑዲንን ዞር ብዬ ባየው፣ እናንተ ዝናብ ሲጥል እንደምታደርጉት መዳፎቹን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል። «የፊልም እኮ ነው» ልለው ብዬ፣ እኔም አማተብኩ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ የእናታችሁን ጉልበት ሳሚልኝ። አገር ቤት አንድ ጠብታ እንኳ ጠብ ካለ፣ ሰላምታውን ተይና ዝናቡን ብቻ ጻፊለት።

የድሮ ጎረቤታችሁ፣ የሺዓለም