ከድንቹ ጠረጴዛ የቀረው ያሚድ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6

ያሚድ ማታባንቾይ ዛሬም ድንች ለመላጥ አልመጣም።

ፓስቶ ከተማ ላይ ቀኑን ሙሉ ዝናብ። የተማሪዎች ምሳ ቤት ሞልቶ ነበር፤ ድንቹን የሚልጡት ራሳቸው ተማሪዎቹ ናቸው። የወጥ ቤት ኃላፊዋ ዶኛ ኤሎይሳ፣ "ያ ዝምተኛው የት ገባ፣ ዶክቶራ? እነዚህ እኮ ከልጣጩ ጋር ግማሹን ድንች ነው የሚጥሉት!" አሉኝ። ፈተና ይሆናል አልኩ። ይሆናል?

ማክሰኞ፣ 7

ያለፈውን ሐሙስ ነገር ደጋግሜ አስባለሁ።

የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች እንክብካቤ ክፍላችን ፖስተር "ሙሉ ሰው፣ ሙሉ ጤና" ይላል። "የሥነ ልቦና ምክር" የሚለውን በሬን ግን የሚያንኳኳ የለም። ተማሪዎቹ ድንቹ ዙሪያ ያወራሉ። እጅ ሥራ ላይ ነው፣ ዓይን ከቢላዋው አይነሳም... እኔም የምልጠው ለዚህ ነው። ሐሙስ ያሚድ ቀና ሳይል፣ "እንቅልፍ እንቢ ካለኝ ቆየ" አለ።

"ከመቼ ወዲህ?"

"ሁለት ትምህርት ከወደቅኩ። እማዬ ደግሞ ለጎረቤቱ ሁሉ 'መሐንዲሱ ልጄ' ትላለች።"

"የድንች መሐንዲስ በላት!" አለ ጓደኛው ዊልመር። ተሳሳቁ። እሱም ሳቀ።

እኔን ምን ነካኝ? ቢላዋዬን አስቀምጬ፣ ሁሉም እየሰማ፣ "ነገ ቢሮዬ ና፤ በደንብ እናውራ" አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። "እሺ፣ ዶክቶራ።" ከዚያ ወዲህ የለም።

ረቡዕ፣ 8

ስልኩ ዝግ። ዊልመርም አላየውም። ወደተከራየበት ቤት ሄድኩ።

አከራይዋ ዶኛ ክሌሚያ በር ላይ ያዙኝ። "ክፍሉ ውስጥ ነው። ያስቀመጥኩለት ምግብ ሳይነካ ይመለሳል። ምን አድርጋችሁት ነው?"

አንኳኳሁ። "ደህና ነኝ" አለ ከውስጥ።

"ያሚድ፣ ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?" መጠየቅ እንዳለብኝ አውቃለሁ።

ከበሩ ጀርባ፣ "አንዳንዴ።"

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። በሩን ላስሰብር? ሰው ልጥራ? ዶኛ ክሌሚያ እሸት ባቄላ በቅርጫት አምጥተው ጭኔ ላይ አኖሩ። "ካልሄድሽ ፈልፍዪ።" ፈለፈልኩ። ያወራሁት ስለ ዝናቡ ብቻ... በሩ ተከፈተ። ጎኔ ተቀመጠ። አንድ እፍኝ ወሰደ።

"ሁለት አይደለም" አለ እየፈለፈለ። "አራቱንም ነው የወደቅኩት።"

"ሐኪም ቤት አብረን እንሂድ?"

"ይሄን እንጨርስና።"

ሐሙስ፣ 9

ትናንት ማታውኑ ሐኪም አየው። ዊልመር አብሮት ሊያድር ፍራሹን ተሸክሞ ክፍሉ ገባ። "ሲያንኮራፋ ቢሰሙት፣ ዶክቶራ!" አለ ያሚድ። ሳቅኩ። ስልኬን ግን ከእጄ አላወርድም... ቢደወልስ?

እሑድ፣ 12

እናቱ ከኮቻ ሐይቅ ዳር መጡ። የደወለላቸው ራሱ ነው።

"መሐንዲስ ስልህ ደስ የሚልህ መስሎኝ" አሉት።

"ከበደኝ፣ እማዬ።"

አለቀሱ። ከዚያ ፀጉርህን ምነው አሳደግከው ብለው ተቆጡት።

ማክሰኞ፣ 14

ሴሚስተሩን አቋርጦ ቤት ይግባ? ወይስ አንድ ትምህርት ብቻ ይዞ እዚሁ ይቆይ? እናቱ ይምጣልኝ ይላሉ። ሐኪሙ ሕክምናው አይቋረጥ እንጂ ሁለቱም ይሆናል ብሏል። ያሚድ ዛሬ ኮሪደር ላይ አስቆመኝ። "እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?"

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ዋጥኩት። "አንተስ?"

ፊት ለፊት አየኝ። "እስኪ ላስብበት። አይቸኩሉ እንጂ፣ ዶክቶራ!"

እንዴት አልቸኩል... ለሁለቱም ማመልከቻ የሚቀበሉት እስከ ዓርብ፣ 17 ነው።