ስለ ቤታችን ፊትና ስለ ዘጠኙ ደረጃ

ለክቡር አቶ ወልደአምላክ፣
በአሜሪካዋ አሌክሳንድሪያ የሰፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር የውጭ ገጽታ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ስኳርዎና ደም ግፊትዎ፣ በተለይም ከመንገድ ማዶ ቆሞ የሰው ጣሪያ የሚለካው ዓይንዎ ደህና እንዲሆንልኝ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ስሂን ገብረየስና ባለቤቴ ዋቅጅራ ደህና ነን። አባቴም መስኮት አጠገብ ተቀምጠው አሉ። ይህንን በግልጽ የምጽፍልዎ ውለታዎ በሁለታችን መካከል ተደብቆ እንዳይቀር ብዬ ነው።

፩. አሮጌውን ቤት አፍርሰን አዲስ ልንሠራ ስንነሣ የመረጥነው ፎቅ የሌለው፣ በሩ ከመሬት እኩል የሆነ፣ ሰፊ በረንዳ ያለው ቤት ነበር። አባቴ አቶ ገብረየስ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ግራ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። ሎረል ከተማ ከሚኖሩበት አፓርታማ አውጥተን በራሳቸው እግር የሚገቡበት ቤት ልንሰጣቸው ቃል ገብተንላቸው ነበር። ያለ ኮሚቴዎ ፈቃድ ቤት ስለማይሠራ ንድፉን ላክንልዎ፤ እርስዎ ግን አይተው፣ ከመንገዱ ባለ ፎቅና ባለ ዓምድ ኮሎኒያል ቤቶች ጋር አይሄድም፣ የዶሮ ቤት ይመስላል ብለው በጽሑፍ መለሱልን። አባቴን ዶሮ ማለትዎ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ፤ ዶሮ እንኳ ቆጥ ላይ የምትወጣው ፈቅዳ ነው።

፪. ሁለቱ ፈረንጅ የኮሚቴ አባላት ንድፉን ሊያጸድቁት ሲሉ ሐሳባቸውን ያስለወጧቸው እርስዎ መሆንዎን በኋላ ሰማሁ። የሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ አንድ የራሳችን ሰው ይኑረን ብሎ ነበር ድምፁን የሰጠዎት። ለወገኑ አዳላ እንዳይባሉ አስቀድመው ወገንዎን መምታትዎን ሳስብ፣ እንዲህ ያለውን ንጹሕ ሰው የት አግኝተን እንደመረጥን ይገርመኛል።

፫. የሐኪም ማስረጃ አያይዤ ለመንግሥት አቤት ልል ፎርሙን ሞልቼ ጨርሼ ነበር። እርስዎም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሎች ላኩብኝ። ወገን ከወገኑ በፈረንጅ ፊት አይካሰስም፣ አቶ ወልደአምላክ እንደ አባትሽ ናቸው፣ ለእኛ ስትይ ተይው አሉኝ። አንዱ እግሬ ላይ ሊወድቁ ሲነሡ አፈርኩና ፎርሙን ፊታቸው ቀደድኩት። ሽማግሌ የሚላከው የበደለ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ይመስለኝ ነበር፤ በደሉን ሳይነካ ለማቆየትም እንደሚላክ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ያቺን እሑድ ሳስባት አሁንም ያንገበግበኛል።

፬. ስለዚህ እርስዎ ያጸደቁትን ቤት ሠራን፤ ሁለት ፎቅ፣ አራት ነጭ ዓምድ፣ እስከ በሩ ዘጠኝ ደረጃ። ዓምዶቹ ምንም አይሸከሙም፤ ውስጣቸው ባዶ መሆኑን ያወቅኩት በጣቴ ሳንኳኳቸው ነው። አባቴን ያስገቧቸው ዋቅጅራና ቤቱን የቀባልን ሠራተኛ ከነወንበራቸው ተሸክመው ነው። ላይ ሲደርሱ አባቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበት። ከዚያ ወዲህ በአምስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ወጥተዋል፤ ሁለቱንም በአምቡላንስ። ቤተ ክርስቲያን ውሰዱኝ ማለትም ትተዋል። በጎን በኩል ደረጃ የሌለው መወጣጫ ልሥራ ብዬ ያስገባሁትን ማመልከቻ ከዓምዶቹ ጋር አይስማማም ብለው መልሰውልኛል። ዓምዶቹን ስላላስቀየሙልኝ አመሰግናለሁ።

ለመንግሥት አዲስ የአቤቱታ ፎርም ሞልቼ ትናንት ልኬያለሁ። ሽማግሎቹን ባያደክሟቸው መልካም ነው፤ እነሱም ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ደረጃውም ረጅም ነው።

የመንገዳችንን ውበት ከአባቴ እግር አብልጠው ለወደዱት ለእርስዎ ያለኝን የማይናወጥ አክብሮት እየገለጽኩ፣ እግዚአብሔር ለእኛ ያሰቡልንን ሁሉ አንድም ሳያጎድል ለእርስዎ እንዲያደርግልዎ እጸልያለሁ።

ስሂን ገብረየስ
የአራት ባዶ ዓምዶች ባለቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ቅዳሜ አባቴን ሊጠይቁ ብርቱካን ይዘው መጥተው፣ አምስተኛው ደረጃ ላይ የደረጃውን ብረት ይዘው ትንፋሽ ሲያጥርዎ በመስኮት አይተንዎታል። አባቴ አዘኑልዎና ወንበር አውጪላቸው አሉኝ። ከመንገድ በሚታይ ቦታ ወንበር ማስቀመጥ በኮሚቴዎ ደንብ የተከለከለ መሆኑን ነገርኳቸው። ብርቱካኑን እዚያው ትተው እየተንገዳገዱ ሲወርዱም በሩን አልከፈትኩም።