እህትህ የመረጠችው ዩኒቨርሲቲ

ልጄ፣ ያለህበት አገር እንደ እናት ጓዳ ይሙቅህ፤ ክፉ ዓይን አይይህ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል።

ስማኝማ፣ ትንሿ እህትህን ያመለከተችባቸው ሁለቱም ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ተቀበሏት! ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሸንጎ ሆኖ ሰነበተ። አጎትህ «ስም ያለው ይሻላል» አለ። አባትህም ጸጉር ቤቱ የመጣውን ደንበኛ ሁሉ ድምፅ አሰጥቶ ያንኑ ደገፈ። ልጅቷ ግን ጭንቀት ገባት፤ እህል አልወርድ አላት።

በመጨረሻ ይዣት ሄጄ ሁለቱንም አሳየኋት። ስመ ጥሩው ዘንድ ሰፊውን አዳራሽ አየት አድርጋ ወጣች። ሁለተኛው ዘንድ የሞተር ክፍሉ በር ላይ ቆማ ስታይ፣ አንዲት አስተማሪ «ግቢ፣ እስቲ ይሄን ብሎን ፍቺ» ብላ መፍቻ ሰጠቻት። ስትወጣ እስከ ክርኗ ግራሶ ሆና፣ «እማዬ፣ እዚህ ነው!» አለችኝ።

ቤት ገብታ ለአባትህ ስትነግረው ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። እሱም አያትና፣ «እንግዲህ ዳኛዋ አንቺ ነሽ» ብሎ ግንባሯን ሳማት። እኔማ በደስታ ስጮህ ጎረቤቱ ሁሉ ምን ሆኑ ብሎ መጣ!

አንተ ከሄድክ ወዲህ የጎደለው ቤት እሷም ስትሄድ ሊሰፋብኝ ነው፤ ይስፋ። ደውልላት ልጄ። ምክር በዝቶባታልና «እንኳን ደስ አለሽ» ብቻ በላት። መንገድህ ይቅናልህ።

እናትህ